ነጥቧ የት ወደቀች?

ስሙኝማ! ዘመኑ 2001 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ መስከረም፣ ቀኑ 26፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 6 ቀን 2008።

አሪዞና ውስጥ ሌመን የሚባል ተራራ አለ። አናቱ ላይ የተተከለው ቴሌስኮፕ ሌሊቱን ሙሉ ሰማዩን እየደጋገመ ፎቶ ያነሳል። ከዋክብቱ ባሉበት ይቆያሉ፤ ከፎቶ ወደ ፎቶ ቦታዋን የምትቀይር ነጥብ ካለች ግን እሷ መንገደኛ ናት። የዚያ ሌሊት ተረኛ ሪቻርድ ኮዋልስኪ ይባላል። እሱ ጋ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ እኛ ጋ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ39 ደቂቃ። አንዲት ፈዛዛ ነጥብ ስትሄድ አያትና እንደ ወትሮው መዝግቦ ላከ።

የሚላከው ፎቶው እንዳይመስላችሁ። ነጥቧ በስንት ሰዓት፣ ሰማይ ላይ በየት በኩል፣ ምን ያህል ደምቃ ታየች የሚል አንድ አጭር መስመር ነው። መስመሩን የሚቀበለው ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ያለው የጥቃቅን ፕላኔቶች ማዕከል ነው። የማዕከሉ ኮምፒውተር መንገዷን ማስላት አቃተው፤ ለምድር እጅግ ቀርባ ነበራ! ሰው ገብቶ ሲያሰላው ጉድ ተገኘ፤ መንገዷ የሚያልቀው ምድር ላይ ነው።

እሺ፣ ምድርስ ሰፊ ናት፤ የት ልትወድቅ ነው? ይህን የሚፈታው ሌላ መስመር፣ ከዚያም ሌላ መስመር ብቻ ነው። ወሬው ተነዛ። ደመወዝ የሚከፈላቸውም፣ ለፍቅሩ ብለው ሰማይ የሚያዩትም ቴሌስኮፓቸውን ወደሷ አዞሩ። በሰዓታት ውስጥ ከ500 በላይ ልኬት ተከማቸ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ማንም ብቻውን የት እንደምትወድቅ ሊያውቅ አይችልም ነበር። የናሳው ስቲቭ ቼስሊ ሁሉንም ደምሮ ሲያሰላ መልሱ ጎረቤታችን ሱዳን ሆነ፤ የኑብያ በረሃ፣ ሊነጋ ሲል። ስፋቷ አራት ሜትር ያህል ስለሆነ አየር ላይ እንደምትበታተን ታወቀ፤ የሚያሰጋ አልነበረም።

አንድ ሰዓት ያህል ሲቀራት የምድር ጥላ ውስጥ ገብታ ከሁሉም ዓይን ተሰወረች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ከመሬት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈነዳች። አስቀድሞ የተነገረው አንድ የኬኤልኤም አብራሪ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ብልጭታዋን አየ። ከመውደቋ በፊት ሰማይ ላይ የተገኘች የመጀመሪያዋ አስትሮይድ እሷ ናት።

በኅዳር መጨረሻ የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓዊያ ሻዳድና የሰማይ ድንጋይ አጥኚው ፒተር ጄኒስከንስ ተማሪዎችን ይዘው በረሃው ገቡ። ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ አሸዋውን በዓይናቸው እያበጠሩ ተጓዙ። ጥቁር ጥቁር ድንጋይ ተገኘ! ያንኑ አሰሳ እየደጋገሙ ቆይተው 600 ያህል ቁራጭ ለቀሙ፤ ሁሉም ተደምሮ ከ10 ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ ሰማይ ላይ ሳለች ግን 80 ቶን ያህል ትመዝን ነበር። ድንጋዩ በአቅራቢያው ባለው የባቡር ጣቢያ ስም አልማሃታ ሲታ ተባለ፤ ጣቢያ ስድስት እንደማለት።

ድንጋዮቹ የአንድ እናት ልጆች አልነበሩም፤ ዓይነታቸው የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ውስጥ ደቃቅ አልማዝ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የተወሰኑ ተመራማሪዎች አልማዙ የተፈጠረው ሜርኩሪን ወይም ማርስን በሚያህል፣ ዛሬ በሌለ ፕላኔት ሆድ ውስጥ ነው ብለው ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌሎች ተነሡ፤ ግጭት ብቻውን ይህን አልማዝ ይሠራል፣ ትልቅ ፕላኔት አያስፈልገውም አሉ።