ቀዩ የባዜቃ ዱቄት

እርሳስና ቆርቆሮ በእሳት ላይ ሲቆዩ አመድ ወደሚመስል ነገር መለወጣቸው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ያስቸገረው ጉዳይ ክብደቱ ነበር፤ «አመዱ» ከመጀመሪያው ብረት ይበልጥ ይመዝናል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ሬ በ1630 እ.ኤ.አ. ጭማሪው ከአየር የመጣ ነው ብሎ ቢጽፍም ሰሚ አላገኘም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው የፍሎጂስቶን ትምህርት ነው፤ በዚህ ትምህርት መሠረት ብረታ ብረት ሲቃጠል ከውስጡ አንዳች ነገር ይወጣል እንጂ ወደ ውስጡ የሚገባ የለም።

ትምህርቱ እንዳይመረመር የጋረደው ከሰል ነበር። ብረት አቅላጩ የብረቱን ድንጋይ ወደ ብረት የሚለውጠው ከከሰል ጋር በወናፍ እያናፋ ነው፤ ስለዚህ ፍሎጂስቶኑን ያበደረው ከሰሉ ነው ማለት ይቻል ነበር። ከሰል በመካከል እስካለ ድረስ ማን እንደ ሰጠና ማን እንደ ወሰደ መለየት ያስቸግራል።

ባዜቃ ግን ከሰል አያሻውም። ወደ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ከአየር ጋር በዝግታ ተዋሕዶ ቀይ ዱቄት ይሆናል፤ ሙቀቱ ወደ 500 ዲግሪ ከፍ ሲል ያው ዱቄት ተፈትቶ ባዜቃውን ይመልሳል። ዱቄቱ ያለ ከሰል እንደሚመለስ ፈረንሳዊው መድኃኒት ቀማሚ ፒየር ባየን በ1774 አሳይቷል፤ ስሙ የሚነሣው ግን ከሚገባው በታች ነው።

በዚያው ዓመት ኦገስት 1 ቀን እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ የፀሐይን ጨረር በትልቅ ሌንስ ሰብስቦ ዱቄቱን አጋለ። በወጣው ጋዝ ውስጥ ሻማ በኃይል ነደደ። ዱቄቱ በናይትሪክ አሲድ የተሠራ ከሆነ ጋዙ ከአሲዱ የመጣ ሊሆን ይችላል ብሎ ስለ ጠረጠረ፣ ፓሪስ በሄደ ጊዜ በአየር ብቻ የተዘጋጀውን ከካዴ እጅ አገኘ። ይህ ጥርጣሬ ከግኝቱ የሚያንስ አይደለም። በዚሁ ጉዞ ከላቯዚዬ ማዕድ ተቀምጦ ያየውን ነገረው፤ ላቯዚዬ ውለታውን በሚገባ ባለመጥቀሱ በኋላ ተወቅሷል። ስዊድናዊው ሼሌ ጋዙን ቀድሞ ያገኘው ቢሆንም መጽሐፉ እስከ 1777 አልታተመም።

ላቯዚዬ የጨመረው ሚዛኑን ነው። በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ዘረዘረው፣ 4 አውንስ ባዜቃ 50 ኪዩቢክ ኢንች ያህል አየር ባለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ 12 ቀን አሞቀ። በሁለተኛው ቀን ቀያይ ቅንጣቶች ታዩ፤ በመጨረሻም አየሩ ወደ 42 ወይም 43 ወረደ፤ የቀረውም እሳት የሚያጠፋ ሆነ። የተሰበሰበውን 45 ግሬን ዱቄት አጥብቆ ሲያግለው 41 ተኩል ግሬን ባዜቃና ከ7 እስከ 8 ኪዩቢክ ኢንች ጋዝ ወጣ። የጎደለው አየር እነሆ ተመልሶ መጣ! ይህን ጋዝ ኦክሲጅን አለው። ቆርቆሮን ብቻ ይዞ ቢቀር ኖሮ ግማሹን መንገድ ብቻ በሄደ ነበር፤ የቆርቆሮ ኦክሳይድ በምድጃ እሳት ብቻውን አይፈታምና።

አንዱ እሳት እንዴት ያዋሕዳል፣ እንዴትስ ይፈታል? የባዜቃና የኦክሲጅን ትስስር ደካማ ነው፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ደግሞ ኦክሲጅን በጋዝነት ነጻ የመሆን ዝንባሌው ይበረታል፤ በመጨረሻም ትስስሩን ያሸንፋል። ሃሮልድ ኤሊንግሃም በ1944 የብዙ ኦክሳይዶችን ጽናት በአንድ ሥዕል አሰናዳ፤ በእንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ብርና ባዜቃ ከላይ፣ አሉሚኒየም ከታች ይገኛሉ።

ላቯዚዬ ሜይ 8 ቀን 1794 በጊዮቲን ተቀላ። ፕሪስትሊ በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬኒያ፣ እስከ ሞተበት እስከ 1804 ድረስ ስለ ፍሎጂስቶን መከራከሩን አልተወም።