የባለ ሸራው ሳንቃ ታሪክና የፈጠራ ባለቤትነት

የሰው ልጅ አዲስ ነገር ሠራ በሚባልበት ጊዜ፥ ያ ነገር ከባዶ የተገኘ ሳይሆን አስቀድሞ ከነበረው ተመርጦና ተሻሽሎ የተሠራ መሆኑን ታሪክ ያስረዳናል። ለዚህም አንዱ ምስክር፥ ሰው ቆሞበት በነፋስ ኀይል በውኃ ላይ የሚነዳው ባለ ሸራ ሳንቃ ነው። ነገሩ ለጨዋታ የተሠራ ቢሆንም፥ «የፈጠራው ባለቤት ማን ነው?» የሚል ክርክር አስነሥቶ እስከ ፍርድ ቤት ስለ ደረሰ ልንመረምረው ይገባናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የችግሩን ምንነት እንመልከት። በተለመደው የሸራ ጀልባ ደቀሉ በወለሉ ላይ ጸንቶ ይተከላል፤ አቅጣጫውን የሚለውጠውም ከኋላ ያለው መሪ ነው። ይህንኑ ሥርዓት ለአንዲት ጠባብ ሳንቃ እናድርገው ብንል ግን፥ ነፋሱ ሸራውን በገፋው ቍጥር ሳንቃዋ ልትገለበጥ ትደርሳለች፤ በላይዋ የቆመውም ሰው ሸራውንና መሪውን ባንድነት ለመያዝ እጅ ያጥረዋል። ስለዚህ መፍትሔው ደቀሉን ማጽናት ሳይሆን ማላላት ሆነ። ደቀሉ ከሥሩ ወደ ማናቸውም አቅጣጫ እንዲዘነበል ሆኖ ሲሠራ፥ ሸራውን ደግፎ የሚያቆመው ሰውየው ራሱ ነው። ሸራውን ወደ ፊት ሲያዘነብለው የሳንቃዋ አፍንጫ ከነፋሱ ይርቃል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብለው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ነፋሱ ቢበረታበት ሸራውን መልቀቅ ነው፤ ሸራው ውኃ ላይ ይወድቃል፥ የነፋሱም ግፊት ወዲያው ይቋረጣል።

በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ሰው የነበሩት ሚስተር ኒውማን ዳርቢ በ1964 ይህን አሳብ በሥራ ላይ አዋሉት። ሸራውን የሰፉላቸው ባለቤታቸው ናኦሚ ነበሩ። ሳንቃው ሰፊና ጠፍጣፋ፥ ሸራውም ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ የልጆችን ካይት የሚመስል ነበር። ሚስተር ዳርቢ የፈጠራ መብት ከማስጠበቅ ይልቅ፥ በ1965 በኦገስት ወር ፖፑላር ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሠራሩን ከነሥዕሉ አወጡት፤ መጋዝና ኮምፔንሳቶ ያለው ሁሉ በቤቱ ሊሠራው ቻለ።

በ1967 ደግሞ በካሊፎርኒያ የአውሮፕላን መሐንዲሱ ጂም ድሬክና ወዳጃቸው ሆይል ሽዋይትዘር ሌላ ምርጫ መረጡ። ረዥሙን ሳንቃ በማዕበል ላይ ከሚንሸራተቱት ሰዎች፥ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ሸራ ከጀልባ ወሰዱ። ሸራውንም ከግራና ከቀኝ የሚያቅፍ ቈልማማ መያዣ አደረጉለት፤ ነጂውም በየትኛውም ጎን ቆሞ ሊይዘው ቻለ። በ1968 የፈጠራ መብት ጠይቀው በ1970 ተፈቀደላቸው። ስፖርቱም በአሜሪካና በአውሮፓ ተስፋፍቶ በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ገባ።

ነገር ግን መብቱን የያዘው ኩባንያ በእንግሊዝ አገር ሌላ ኩባንያ በከሰሰ ጊዜ ያልታሰበ ማስረጃ ቀረበ። ፒተር ቺልቨርስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ በ1958 በሄይሊንግ ደሴት የሚዘነበል ደቀል ያለው ሳንቃ ሠርቶ ነድቶበት ኖሯል። መያዣዎቹ ቀጥ ያሉ እንጂ ቈልማሞች አልነበሩም፤ ሆኖም የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1985፥ ቀጥታውን ወደ ቈልማማ መለወጥ ለባለሙያ ግልጽ ነገር ነው ብሎ የእንግሊዙን መብት ዋጋ አሳጣው።

እኛ እንደሚመስለን፥ ሕግና ታሪክ እዚህ ላይ በየራሳቸው ሚዛን ይመዝናሉ። ሕግ «ማን ቀደመ?» ይላል፤ ታሪክ ግን «ማንስ ለፍሬ አበቃው?» ብሎ ይጨምራል። ልጁ ቀደመ፤ ሚስተር ዳርቢ ለሕዝብ አካፈሉ፤ ሁለቱ የካሊፎርኒያ ሰዎች ለዓለም እንዲስማማ አደረጉት። ከዚህ ሁሉ ግን አሠራሩን በነጻ የሰጡት ሰው ብዙ ጥቅም አላገኙም፤ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደሚባለው ሆነ።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸው በእጃቸው የሚሠሩትን ሁሉ እንደ ቀላል ነገር እንዳያልፉት፥ ይልቁንም ሥዕሉንና ቀኑን አስጽፈው እንዲያኖሩላቸው እናሳስባለን። የአንድ ልጅ ጨዋታ ከ27 ዓመት በኋላ በዳኞች ፊት ማስረጃ ሆኖ ቆሟልና።