ትንሽ ሆኖ መቅረት፦ የመርካቶ ቸርቻሪና የመንግሥታት አዋጆች

የአዲስ አበባ ትንንሽ ነጋዴዎች፣ በተለይም የመርካቶ ቸርቻሪዎች፣ ለረጅም ዓመታት በአንድ ሱቅ ተወስነው ስለሚቀሩበት ምክንያት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የካፒታል እጥረትና የትምህርት ማነስ ነው። መልሱ ጨርሶ ሐሰት ባይሆንም፣ የንግዱን ታሪክ ከአዋጆች ታሪክ ጋር አገናዝቦ የሚመረምር ሰው የተዘለለ ነገር እንዳለ ይረዳል፤ ትንሽ ሆኖ መታየት በተከታታይ ሕጎች ግፊት ራሱ የመትረፊያ ብልሃት ሆኖ ቆይቷልና።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይቆም ነበር። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ሸቀጥ በብዛት መግባት ጀመረ፤ አስመጪነቱና ትልልቁ መደብርም በአብዛኛው በሕንዶች፣ በአርመኖችና በግሪኮች እጅ ሲሆን፣ በየሰፈሩ የነበረውን የችርቻሮ ሱቅ በስፋት የያዙት የየመን ዐረቦች ነበሩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን የያዘው የፋሺስት ኢጣሊያ አስተዳደር ነጭና ጥቁር ለይቶ ለማስፈር ባወጣው ዕቅድ አራዳን ለአውሮፓውያን ከልሎ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሥፍራ አዛወረው። ስለዚህ አገሪቱ የምትኮራበት ይህ ግዙፍ ገበያ አሁን ባለበት ቦታ የቆመው በነጋዴው ምርጫ ሳይሆን በዘር መድልዎ ውሳኔ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከነፃነት በኋላ በነበሩት ሦስት ዐሥርት ዓመታት፣ ከገጠር በተለይም ከጉራጌ አገር የመጡ ወጣቶች የችርቻሮ ንግዱን ደረጃ በደረጃ ተቆጣጠሩት። መነሻቸው ብዙውን ጊዜ ሊስትሮነት ወይም ሱቅ በደረቴ ነበር፤ ሱቅ በደረቴ የሚባለው፣ ጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥን በገመድ ከአንገት አንጠልጥሎ ደረት ላይ በማሳረፍ ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ማስቲካ፣ መርፌና ክር ይዞ እየዞሩ መሸጥ ነው። ከዚያ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ሱቅ የሚያሻግረው ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው ከባንክ ሳይሆን ከእቁብ ነበር። እቁብ አባላቱ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እኩል መዋጮ እየጣሉ ጠቅላላውን ገንዘብ በዕጣ ተራ በተራ የሚወስዱበት ማኅበር ሲሆን፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከማኅበሩ መሪ፣ ከዳኛው፣ እጅ የሚረከበው ቀሪውን መዋጮ እስከ መጨረሻው እንደሚጥል ዋስ ካቀረበ በኋላ ነው፤ ቸኩሎ ገንዘብ የፈለገ አባል ዕጣ ከወጣለት ሰው ላይ ተራውን በጥቂት ቅናሽ የሚገዛበት ሥርዓትም አለው። ያለ ቤት ካርታና ያለ ሒሳብ መዝገብ፣ በመተዋወቅ ብቻ ብድር የሚያስገኘው ይህ ተቋም ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል፤ ለነጋዴው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም ነበረው፣ ገንዘቡ ከመንግሥት ዐይን ውጭ የሚዘዋወር መሆኑ።

የዚህ ጥቅም ክብደት የታወቀው በደርግ ዘመን ነው። በጥር 1967 ዓ.ም. 72 ኩባንያዎች ሲወረሱ ቸርቻሪው በቀጥታ አልተነካም። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ግን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ስላደረገ፣ ብዙ የመርካቶ ሱቆች በቀበሌ ወይም በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ፤ ነጋዴውም በዝቅተኛ ኪራይ ተጠቃሚ ሆነ እንጂ የሚነግድበትን ቤት ለባንክ አስይዞ መበደርም ሆነ አፍርሶ ማሳደግ አልቻለም። ከዚህ የበለጠ ሥር የሰደደ ለውጥ ያመጣው በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 ነው። አዋጁ የግል ነጋዴ ካፒታል ለችርቻሮ ከ200,000 ብር፣ ለጅምላ ደግሞ ከ300,000 ብር እንዳይበልጥ የወሰነ ከመሆኑም በላይ አንድ ሰው ከአንድ የንግድ ፈቃድ በላይ እንዳይኖረው ከልክሏል። ከዚያ በኋላ ንግዱ የቀናው ሰው የነበረው ምርጫ ፈቃዱን በዘመድ ስም ማውጣት፣ ትርፉን ከሱቁ ውጭ ማስቀመጥ ወይም ከወሰኑ በታች ረግቶ መቀመጥ ነበር። የዘመኑ የፖለቲካ ቋንቋ ነጋዴውን ንዑስ ከበርቴ፣ ማለትም ከሠርቶ አደሩ በላይና ከባለሀብቱ በታች ቆሞ የሚወላውል መደብ ብሎ ስለ ፈረጀው፣ ሸቀጥ በመደርደሪያው ላይ መብዛቱ ብቻ የኢኮኖሚ አሻጥር በሚባለው ክስ፣ ይኸውም ሸቀጥ ደብቆ የዋጋ ንረት በማስከተል፣ ሊያስጠረጥረው ይችል ነበር። ስኳር፣ ጨውና ሳሙና በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በካርድ ሲታደሉ፣ እህል ደግሞ በየኬላው ሲፈተሽ፣ ለግሉ ቸርቻሪ የቀረው ከዕደላው የተረፈው ገበያ ነበር። የካፒታሉ ወሰን የላላው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ነው፤ በአንድ ሱቅና በአንድ ፈቃድ መኖርን የለመደ አንድ ትውልድ ግን በዚያ መካከል አርጅቷል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ንግድ ነፃ ሆነ። በ1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2.07 ወደ 5 ብር ከፍ ሲል ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ ቢወደድም፣ የተከፈተው ገበያ ጉዳቱን በከፊል አካክሶታል። ወሰኑ ግን በሌላ መልክ ተመለሰ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነውን ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ብሎ ሒሳብ የመያዝ ግዴታ ሳይጥልበት በግምት እንዲከፍል ሲያደርግ፣ 1,000,000 ብር የደረሰውን ደረጃ «ሀ» አድርጎ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ አስገደደ፤ ስለዚህ ከመስመሩ በታች መቆየት እንደገና ዋጋ አገኘ። ግብር ሰብሳቢው በበኩሉ የተደበቀ ሽያጭ መኖሩን ስለሚጠረጥር በ2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት አካሄደ፣ የተነገራቸው ግምት ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው ነጋዴዎችም በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቃቸውን ዘጉ። በሁለቱም ወገን የነበረው አለመተማመን የዚያ ዓመት ሥራ ብቻ አልነበረም፤ አንዱ ወገን መደበቅን፣ ሌላው መጠርጠርን ቀድሞ ተምሮታል።

የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ በብር የሚቆጠረው የእቁብ ዕጣ ከውጭ የሚመጣውን ሸቀጥ እንደ ቀድሞው መጠን መግዛት ተሳነው። ሱቁ ያንኑ ብዛት ያለው ዕቃ፣ አንዳንዴም ያነሰ እየሸጠ፣ የሽያጩ ድምር በዋጋ ንረት ብቻ ወደ ላይኛው የግብር ደረጃ የሚገፋበት ሁኔታ ተፈጠረ፤ ዕድገትን ለዓመታት የሸሸው ቸርቻሪ ሳያድግ የአደገ ሰው ግዴታ ተጣለበት።