የሚናማታ ወሽመጥና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

የጃፓን ኢንዱስትሪ ታሪክ በተነሣ ቁጥር የሚጠሩት ታላላቆቹ ከተሞች ናቸው፤ ዮኮሃማ፣ ኦሳካ፣ ናጎያ። ለእኛ ሙያ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የምታስተምር አንዲት ትንሽ ከተማ በኪዩሹ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኩማሞቶ ክፍለ ሀገር ደቡባዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። ስሟ ሚናማታ ነው። ይህች ከተማ በዓለም የታወቀችው ባመረተችው ሸቀጥ ሳይሆን ከፋብሪካዋ ወደ ባሕር በወጣው ፍሳሽ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአደጋውን ታሪክ ከመሐንዲስ አንጻር መርምሮ፣ ጥፋቱ ከዕውቀት ማነስ የመጣ ነው ወይስ ከሌላ ነገር የሚለውን ጥያቄ ማንሣት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሚናማታን ለጎበኘ ሰው ቀድሞ የሚታየው ውበቷ ነው። በስተ ኋላዋ የብርቱካን ዘር ተክል የለበሱ ተራሮች አሉ፤ በፊት ለፊቷ የሺራኑይ ባሕር ተዘርግቷል። የአማኩሳ ደሴቶች ከውቅያኖሱ ማዕበል ስለሚከልሉት ውሃው እንደ ሐይቅ የረጋ ነው። ዩኖትሱሩና ዩኖኮ በተባሉት ሥፍራዎች ፍል ውሃ ይፈልቃል። ከ2004 ጀምሮ ፈጣኑ ባቡር ከከተማዋ ወጣ ብሎ በተሠራ አዲስ ጣቢያ ይቆማል። በአሮጌው ጣቢያ የሚወርድ መንገደኛ ግን ከበሩ እንደ ወጣ ፊት ለፊት የሚያየው የፋብሪካውን ዋና በር ነው። ይህ አቀማመጥ ብቻውን የከተማዋን ታሪክ ይናገራል። በ1956 የነዋሪዋ ቁጥር ወደ 50 ሺህ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከ25 ሺህ በታች ነው። ፋብሪካው ግን ከ2011 ወዲህ በሌላ ስም አሁንም ይሠራል።

የፋብሪካው መሥራች የሙያ ባልደረባችን ነበር ለማለት ይቻላል። ኖጉቺ ሺታጋው በ1896 ከቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቆ፣ በ1906 በአጎራባቹ የካጎሺማ ክፍለ ሀገር የውሃ ኃይል ማመንጫ ኩባንያ አቋቋመ። ከማመንጫው የተረፈውን ኃይል ለመጠቀም በ1908 በሚናማታ የካርባይድ ፋብሪካ ተተከለ። ኖራና ኮክ ከሰል በኤሌክትሪክ ምድጃ ተዋሕደው ካልሲየም ካርባይድ ይሆናሉ፤ ከካርባይድም የናይትሮጅን ማዳበሪያ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ይህ እጅግ ዘመናዊ ሥራ ነበር። ጨው በማምረት፣ በዓሣና በእርሻ ይተዳደር ለነበረው መንደር ደመወዝ፣ መብራትና ትምህርት ቤት የመጣው ከፋብሪካው ጋር ነው። ስለዚህ ቺሶ የተባለው ይህ ኩባንያ በሕዝቡ ዘንድ ክብርና ምስጋና ነበረው። በኋላ የሆነውን ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በ1932 ፋብሪካው አሴታልዴሃይድ የተባለውን ፈሳሽ ማምረት ጀመረ። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ካርባይድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሴቲሊን ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ የሜርኩሪ ሰልፌት ባለበት አሲዳማ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ወደ አሴታልዴሃይድ ይለወጣል። ሜርኩሪው፣ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት ማለት ነው፣ ለውጡን የሚያፋጥን ካታሊስት እንጂ የምርቱ አካል አይደለም። ነገር ግን በዚያው ጋን ውስጥ ከሜርኩሪው ጥቂቱ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለወጣል። በ1951 ከካታሊስቱ ጋር ይጨመር የነበረው የማንጋኒዝ ውሁድ በብረት ውሁድ በተተካ ጊዜ የሜቲል ሜርኩሪው መጠን ከፍ ማለቱን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የፋብሪካው እጣቢ ውሃ ሐያክን በተባለው ቦይ በኩል በቀጥታ ወደ ወሽመጡ ይፈስ ነበር።

ዓሣ አጥማጆቹ ስለ ፍሳሹ መክሰስ የጀመሩት በ1950ዎቹ አይደለም። በ1926 ኩባንያው ለዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር 1,500 የን ሰጥቶ፣ ማኅበሩ ከእንግዲህ አቤቱታ እንዳያቀርብ አስማማ። በ1943 እንደ ገና ስለ አለፈውም ስለሚመጣውም ጉዳት 152,500 የን ተከፈለ። የእነዚህ ውሎች ይዘት ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ገንዘቡ ጉዳቱን አይተምንም፤ ጥያቄውን ይገዛል። ፍሳሹ ምን እንደ ያዘ፣ ወዴት እንደ ሄደ፣ በዓሣው ላይ ምን እንደ ሠራ የሚመረምር አንቀጽ በአንዳቸውም የለም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወሽመጡ ምልክት ያሳይ ጀመር። ዓሣ ሞቶ ተንሳፈፈ፤ ወፎች ከአየር ወደቁ፤ በአጥማጆቹ መንደር ድመቶች እየተንቀጠቀጡ እንደ መጨፈር ይሉና ወደ ባሕር እየገቡ ይሞቱ ነበር። ቀጥሎ በሽታው በሰው ላይ ታየ። እጅና እግር ይደነዝዛል፤ አነጋገር ይተሳሰራል፤ የዓይን እይታ እየጠበበ በጠባብ ቀዳዳ እንደ መመልከት ይሆናል። የፋብሪካው ሆስፒታል ዲሬክተር ዶክተር ሆሶካዋ ሐጂሜ ምንነቱ ያልታወቀ የአንጎል በሽታ መነሣቱን ለጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ያስታወቁት ሜይ 1 ቀን 1956 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ትናንሽ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በሽታው ተላላፊ እንዳልሆነ፣ ከወሽመጡ ዓሣና ዛጎል ለበስ እንስሳት የሚመጣ የከባድ ብረት መመረዝ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹ።

እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ይመጣል። በሴፕቴምበር 1958 ፋብሪካው የአሴታልዴሃይዱን ፍሳሽ ከሐያክን ቦይ አንሥቶ ወደ ሚናማታ ወንዝ አፍ አዞረው። ከወራት በኋላ በወንዙ አፍና ከዚያ በስተ ሰሜን ባሉት መንደሮች አዳዲስ ሕሙማን ታዩ። ማንም አስቦ ያላደረገው ሙከራ ነበር፤ ውጤቱ ግን የማያሻማ ነው። ቧንቧው ሲዛወር በሽታው ተከትሎት ሄደ። በጁላይ 1959 የዩኒቨርሲቲው አጥኚዎች መንሥኤው ኦርጋኒክ ሜርኩሪ ነው አሉ። በዚያው ዓመት በፍሳሹ ቦይ አፍ ከተወሰደው ደለል 2,010 ፒፒኤም ሜርኩሪ ተለካ። ዶክተር ሆሶካዋም በበኩላቸው የአሴታልዴሃይዱን እጣቢ ከምግብ ጋር ለድመት ይሰጡ ነበር፤ በመዝገብ 400 ቁጥር የተሰጣት ድመት በኦክቶበር 1959 በሕሙማኑ ላይ የታየውን ምልክት አሳየች። ኩባንያው ውጤቱ እንዳይወጣ አደረገ። ዶክተሩ ይህን ለፍርድ ቤት የመሰከሩት በ1970፣ ሊሞቱ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ በሕመም አልጋቸው ላይ ሆነው ነው።

የኩባንያው መልስ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ሳይንሳዊ ክርክር ነው። እኛ የምንጠቀመው ኢኦርጋኒክ ሜርኩሪ ስለ ሆነ ኦርጋኒኩ ከእኛ ሊመጣ አይችልም የሚል ነበር። ከኢንዱስትሪው ማኅበርና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ባለሙያዎችም ምክንያቱን ከጦርነቱ በተረፈ ፈንጂ ወይም በበሰበሰ ዓሣ አሳበቡ። ሁለተኛው መልስ ማሽን ነበር። በዲሴምበር 1959 ሳይክሌተር የተባለ የፍሳሽ ማጣሪያ በሥነ ሥርዓት ተመረቀ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንትም ተጣራ የተባለውን ውሃ በሕዝብ ፊት ጠጡ። ማጣሪያው ግን የተንሳፈፈውን ጥራጊ ለማዝቀጥና አሲዱን ለማብረድ እንጂ በውሃ የሟሟውን ኦርጋኒክ ሜርኩሪ ለማስወገድ አልተነደፈም። ማሽኑ ለተሠራለት ሥራ መልካም ሊሆን ይችላል፤ የተሠራለት ሥራ ግን ሕዝቡን የገደለውን ነገር ማስወገድ አልነበረም።

በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ሦስተኛው ውል ተፈረመ። የማጽናኛ ገንዘብ በሚል ስም ለሞተ ሰው 300,000 የን፣ ለአዋቂ ሕመምተኛ በዓመት 100,000 የን፣ ለሕፃን 30,000 የን ተወሰነ። ወደፊት የፋብሪካው ፍሳሽ ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝም እንኳ ሕሙማኑ ተጨማሪ ካሣ እንዳይጠይቁ የሚያግድ አንቀጽ ገባበት። ይህ አንቀጽ የተጻፈው የድመቷ ውጤት ከታወቀ ከሁለት ወር በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1960፣ የአሴታልዴሃይዱ ምርት ከ45 ሺህ ቶን በላይ ደርሶ በታሪኩ ከፍተኛው ሆነ።

ፍሳሹን ማቆም ይቻል ነበር? ታሪኩ ራሱ ይመልሳል። በ1966 ፋብሪካው የአሴታልዴሃይዱን እጣቢ ውሃ ወደ ውጭ ሳይለቅ መልሶ መላልሶ የሚጠቀምበትን ዝግ ዑደት አጠናቀቀ። ለዚህ አዲስ የተፈጥሮ ሕግ መገኘት አላስፈለገውም፤ ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ ጋንና ውሳኔ በቂ ነበሩ። በ1966 የተዘጋው ቧንቧ በ1959 ያልተዘጋው መሐንዲሱ ስለማይችል ሳይሆን እንዲዘጋ ስላልታዘዘና እርሱም ስላልጠየቀ ነው። በመካከሉ በ1965 በኒጋታ ክፍለ ሀገር በአጋኖ ወንዝ ዳር፣ በተመሳሳይ አሠራር ከሚሠራ የሌላ ኩባንያ ፋብሪካ በታች፣ ያው በሽታ ተነሣ። የሚናማታው ምርት በሜይ 1968 ቆመ፤ መንግሥት የበሽታው መንሥኤ የቺሶ ፍሳሽ መሆኑን በይፋ ያስታወቀው ከአራት ወር በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሙያው በሙሉ ዝም አለ ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። ኡይ ጁን የተባሉት መሐንዲስ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምረው በፕላስቲክ ኩባንያ ከሠሩ በኋላ ወደ ጥናት ተመልሰው የሚናማታን ፍሳሽ ተከታተሉ። ከ1970 እስከ 1985 ድረስም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ የብክለት ትምህርት ሰጡ። ከፍተኛ ማዕረግ ግን አላገኙበትም፤ በዚያ ዘመን ሁሉ ረዳት እንደ ሆኑ ቆዩ።

ማርች 20 ቀን 1973 የኩማሞቶ ፍርድ ቤት ለሕሙማኑ ፈረደ። ለእያንዳንዱ ተጎጂ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የን ካሣ ከመወሰኑ ይልቅ ለሙያችን የሚከብደው የፍርዱ ምክንያት ነው። የኬሚካል ፋብሪካ ፍሳሹን ከመልቀቁ በፊት በጊዜው በሚገኘው ከፍተኛ ዕውቀት ደኅንነቱን የመመርመር ግዴታ አለበት፤ ጥርጣሬ ከተነሣም ሥራውን እስከ ማቆም መድረስ አለበት፤ መርዙ የትኛው እንደ ሆነ አላውቅም ማለት መከላከያ አይሆንም ሲል ወሰነ። የ1959ኙንም ውል ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ ነው ብሎ ሻረው። በ2004 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንግሥትና ክፍለ ሀገሩ ከ1959 መጨረሻ በኋላ ሥልጣናቸውን ባለመጠቀማቸው ተጠያቂ ናቸው አለ።

የወሽመጡ ጽዳት ራሱን የቻለ የምሕንድስና ታሪክ ነው። ከ1977 እስከ 1990 ድረስ ከ25 ፒፒኤም በላይ ሜርኩሪ ያለበት ደለል እየተመጠጠ፣ በብረት ሉህ በታጠረው የወሽመጡ ክፍል ተከማችቶ ተሸፈነ። የደለሉ መጠን 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል፣ አዲሱ መሬት 58 ሄክታር፣ ወጪው 48.5 ቢሊዮን የን ገደማ ነበር። የተመረዘው ዓሣ እንዳይወጣ በ1974 የተዘረጋው መረብ የተነሣው በ1997 ነው። ዛሬ በዚያ መሬት ላይ የጽጌረዳ አትክልት ስፍራና የመታሰቢያ ሥፍራ አለ፤ ሕሙማንና ወዳጆቻቸው የቀረጿቸው ትናንሽ የድንጋይ ምስሎች ወደ ባሕሩ ዞረው ቆመዋል። በዚያ ለሚመላለስ መሐንዲስ ግን ከአበባው በታች ያለው ነገር አይረሳውም። ሜርኩሪው አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። ብረት በጨው ውሃ ይዝጋል፤ ግድግዳውም ሳይቋረጥ መመርመርን ይፈልጋል። የዚያ ፍሳሽ ዕዳ ገና ላልተወለዱ መሐንዲሶች ተላልፏል ማለት ነው።

ከተማዋ በበኩሏ ከመከራዋ ትምህርት ለማውጣት ሞክራለች። በ1994 ከንቲባው ሕሙማኑን በይፋ ይቅርታ ጠይቀው፣ የተፈቱ ጀልባዎችን መልሶ ማሰር የሚል ትርጉም ባለው በዓሣ አጥማጆች ቃል የተለያየው ሕዝብ እንዲታረቅ ጠሩ። ከ1993 ጀምሮ ነዋሪዎቹ ቆሻሻቸውን ከሃያ በሚበልጥ ዓይነት ለይተው ይጥላሉ። በ2013 ሜርኩሪን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በከተማዋ ስም ተሰይሞ በ2017 ጸና። ሆኖም ነገሩ አልተዘጋም። በይፋ ሕሙማን ተብለው የታወቁት ከሁለት ሺህ ጥቂት መቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ያልታወቀላቸው ብዙዎች እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በፍርድ ቤት ተከራክረዋል፤ በ2023 የኦሳካ ፍርድ ቤት ለ128 ከሳሾች ፈርዷል።

ከዚህ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነጥብ ይወጣል። አንደኛ፣ ባሕር ሁሉን ያቀጥናል የሚለው ስሌት የውሃውን ብዛት ብቻ ይቆጥራል፤ ሕይወት ያለው ነገር መርዙን መልሶ እንደሚያከማች አይቆጥርም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአባቶች ቃል በሺራኑይ ባሕር ላይ በትክክል ደርሷል። ሁለተኛ፣ የማጣሪያ መሣሪያ የሚመዘነው በምረቃው ዕለት ሳይሆን፣ እንዲያስወግደው የተፈለገው ነገር ተለክቶ ሲገኝ ወይም ሲታጣ ነው። ሦስተኛ፣ ገንዘብ ጥያቄን በሚዘጋበት ጠረጴዛ ዙሪያ የፍሳሹን ይዘት የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ዘወትር አለ። በሚናማታ ያ ሰው ሐኪም ነበር፤ ያየውንም ለመናገር አሥር ዓመት ያህል ፈጀበት። ቧንቧውን የነደፉት፣ ያዞሩትና በመጨረሻም የዘጉት መሐንዲሶች ግን ስማቸው በታሪኩ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ሥዕላችንን ስንፈርም የቧንቧው መሥመር ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ውሃው ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል፤ የት እንደሚደርስ መጠየቅም ከፊርማው ጋር የተቀበልነው ሥራ ነው።