የአባ እንጦንስ ሥዕሎች የሄዱበት መንገድ

ግንቦት 11 ቀን 1923 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ቦርዶ ወደብ የተነሳች መርከብ ወደ ዳካር አቀናች። ከተሳፋሪዎቿ መካከል የጉዞው መሪ የ33 ዓመቱ ማርሴል ግሪዮልና የ30 ዓመቱ ባለቅኔ ሚሼል ሌሪስ ይገኙበታል። ያሰቡት አፍሪካን ከአትላንቲክ ዳር እስከ ጅቡቲ አቋርጠው ሊወጡ ነበር። በየደረሱበት የሕዝቡን ቋንቋ፣ እምነት፣ ሙዚቃና የእጅ ሥራ ይመዘግባሉ፤ ዕቃውንም ሰብስበው ፓሪስ ለነበረው የትሮካዴሮ ሙዚየም ያስገባሉ። ጉዞው «የዳካር ጅቡቲ ሚሲዮን» በሚል ስም ይታወቃል። ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሲያበቃ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተሸፍኖ ነበር።

የፈረንሳይ ምክር ቤት ለዚህ ጉዞ በልዩ ሕግ 700,000 ፍራንክ ፈቅዷል። እሱ አልበቃ ብሎ ሚያዝያ 7 ቀን 1923 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ የቦክስ ምሽት ተዘጋጀ። የፓናማው ተወላጅ፣ ጥቁሩ የዓለም ሻምፒዮን አል ብራውን የቦክስ መድረኩ ላይ ወጣና የትኬቱ ገቢ ለሚሲዮኑ ዋለ። ጥቁር ቦክሰኛ በቡጢው ባገኘው ገንዘብ የጥቁር ሕዝብ ቅርስ ሊሰበሰብ ተሄደ ማለት ነው። በወቅቱ ነገሩን እንዲህ አገላብጦ ያየው ሰው የነበረ አይመስልም።

ከዳካር በኋላ ያለው መንገድ በሴኔጋል በኩል የዛሬዋን ማሊ ያቋርጣል። ጳጉሜን 1 ቀን 1923 ዓ.ም. ቡድኑ ኬሜኒ በተባለች የባምባራ መንደር ነበር። መንደሪቱ «ኮኖ» የሚባል ማኅበር መቅደስ አላት፤ ውስጡ ደም በላዩ እየፈሰሰ የጠጠረ ቅዱስ ዕቃ ተቀምጧል። ግሪዮል ዕቃውን በጥቂት ፍራንክ እንዲሰጡት ጠየቀ፤ እምቢ ካሉ ፖሊስ መጥቶ አለቃውንና ሽማግሌዎቹን ይወስዳል ሲልም አስፈራራ። ፖሊስ የሚባል ግን በአካባቢው አልነበረም። ከመንደሩ ሰው ዕቃውን ሊነካ የደፈረ ጠፋ። ነጮቹ ራሳቸው ገብተው በሸራ ጠቅልለው አወጡት፣ መኪና ላይ ጫኑት። ሌሪስ በዚያው ቀን ማስታወሻው ላይ እንደ ሌባ ሆነው መውጣታቸውን ጽፏል። በማግስቱ ዲያቡጉ በምትባል መንደር ያንኑ ደገሙት።

ይህን ያነሳሁት ጎንደር ላይ በአባ እንጦንስ ሥዕሎች የሆነውን ለመመዘን ሚዛን ስለሚሆነን ነው። ማሊ ያን ጊዜ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች። አለቃው አቤት የሚልበት ዳኛ፣ የሚጽፍለት ንጉሥ አልነበረውም።

ከዚያ ባንዲያጋራ ገደል ላይ ወዳሉት የዶጎን መንደሮች ደረሱ። ሳንጋ ላይ ሳምንታት ተቀምጠው ጭምብል፣ የቀብር ሥርዓትና ጭፈራ መዘገቡ። ግሪዮል በኋላ ስሙን የተከለው በዶጎን ጥናት ነው። ኦጎቴሜሊ ከተባለ ዓይነ ስውር አዛውንት ጋር ያደረገውን ጭውውት በ1948 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ ማሳተሙን የዘርፉ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ኦጎቴሜሊ የነገረው የዶጎንን ሕዝብ እምነት ነው ወይስ የራሱን ፍልስፍና የሚለው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ አልበረደም። ያ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ቡድኑ ኦት ቮልታን፣ ኒጀርን፣ ዳሆሜንና ናይጄሪያን አልፎ ካሜሩን ገባ፤ ከዚያ በዛሬዋ መካከለኛው አፍሪካ በኩል የቤልጂክ ኮንጎን ሰሜናዊ ጫፍ ያዘ።

እዚህ ላይ ከዩጋንዳ ድንበር ብዙም አይርቁም ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. ከሞምባሳ የመጣው የባቡር ሐዲድ ጂንጃ ላይ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ካምፓላ ገብቷል። ጥጥና ቡና በዚያ በኩል ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ሣጥን ተሸክሞ ለሚሄድ ቡድን ቀላሉ መንገድ እሱ ነበር፤ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ሸክሙን ባቡር ላይ መጫን ብቻ ነው። እነ ግሪዮል ግን ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዞሩ፤ ጁባ ደርሰው በሱዳን በኩል ወደ መተማ ተጓዙ። ግሪዮል ጎንደርን ፈልጓታል። በ1928 እ.ኤ.አ. ጎጃም ገብቶ ያውቃል፤ ግዕዝና አማርኛ ከማርሴል ኮኸን ተምሯል። ኢትዮጵያ ለእሱ የጉዞው ማረፊያ ሳትሆን የጉዞው ምክንያት ነበረች ቢባል ያስኬዳል።

ድንበሩ ላይ የጠበቃቸው ነገር ግን ከዳካር ጀምሮ ያላዩት ነው። በሱዳን በኩል ባለችው ገላባት ላይ ለሳምንታት ተገተሩ። ደብዳቤ፣ ቴሌግራም፣ ፈቃድ፣ የጉምሩክ ጥያቄ። የኮኖውን መቅደስ በማስፈራሪያ ያስከፈተ ሰው የመተማን ኬላ ማስከፈት አልቻለም። ኢትዮጵያ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች፤ እነሱ ማሊ ውስጥ ሲዘዋወሩ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ተፈርሟል። ሌሪስ በዚህ መጠበቅ ምን ያህል እንደተማረረ ከማስታወሻው ገጾች ይታያል። ለእኛ አንባቢዎች ግን ያ ምሬት ደስ የሚል ነገር አለው፤ የአገር ባለቤት በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ እንዲህ ነው።

ጎንደር የገቡት ሰኔ 24 ቀን 1924 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ ነው። ድንኳናቸውን የተከሉት በኢጣሊያ ቆንስላ ግቢ ነበር። ቆንስሉ ራፋኤሌ ዲ ላውሮ ይባላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገራቸው የምትወርረን ሰዎች ግቢ መሆኑን ልብ ይሏል። ከፓሪስ በቀጥታ የመጡት ሠዓሊው ጋስቶን ልዊ ሩና የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን ያጠናችው ዲቦራ ሊፍሺትስም ተቀላቀሉ። ሊፍሺትስ አይሁዳዊት ነበረች፤ በአሥር ዓመቱ አውሽቪትስ ላይ ናዚዎች ገደሏት።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው አለ፤ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ። ኤርትራ የተወለዱ፣ በካቶሊክ ትምህርት ቤት ያደጉ፣ ፈረንሳይኛ፣ ግዕዝና አማርኛ የሚያውቁ ሊቅ ናቸው። ከቡድኑ ጋር እንዲሠሩ የላካቸው የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር። በፈረንሳይኛው ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ «አስተርጓሚ» እየተባሉ ይጠቀሳሉ። ሌሪስ ጎንደር ላይ ልቡን የጣለው በመልካም አያሁ የዛር ቤት ነበር፤ መልካም አያሁ በከተማው ስመ ጥር የነበሩ አሮጊት ባለ ዛር ሲሆኑ ልጃቸው እማዋይሽም በማስታወሻው በብዛት ትነሳለች። ቡናው ሲፈላ፣ እጣኑ ሲጤስ፣ ጉሪው ሲደራና ፉከራው ሲወርድ ሌሪስ በዓይኑ ያያል፤ የሚባለውን ግን አይሰማም። የሚሰሙት አባ ጀሮም ናቸው። ደብተራቸውን ይዘው ከባለ ዛሯ አጠገብ ቁጭ ብለው የዛሩን ስም፣ የፈረሱን (ዛሩ ያደረበትን ሰው) ቃል፣ የዘፈኑን ስንኝ በአማርኛ ይጽፋሉ። ሌሪስ በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ጎንደር ዛርና ስለ ቴአትራዊ ገጽታው ያሳተመው ዝነኛ ጥናት የቆመው በእነዚያ ደብተሮች ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን የሌሪስ ብቻ ነው። «አስተርጓሚ» ለሚለው ማዕረግ ይህ ትንሽ በዝቶበታል።

ሌሪስ በዛር ቤት ሲያመሽ ግሪዮል ሌላ ነገር ላይ ነበር። የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን በ17ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሠራ ነው። የውስጥ ግድግዳው በሸራ ላይ በተሣሉ ሥዕሎች ተሸፍኖ ነበር፤ ሸራው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል እነዚህ ሥዕሎች ተርፈዋል። በ1924 እና በ1925 ዓ.ም. ግን ከግድግዳው ተላጡ። ሩ በአዲስ ሸራ ላይ ቅጂ ሣለ፤ ቅጂው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተለጠፈ፣ 60 ካሬ ሜትር የሚሆነው ዋናው ተጠቅልሎ ከቡድኑ ጋር ሄደ።

ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። የግሪዮል ወገን የሚለው ግልጽ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አርጅቷል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሥዕሎቹ በዝናብ ሊጠፉ ነበር፤ ካህናቱ ተስማምተዋል፣ በምትኩ አዲስ ሥዕል ተሰጥቷቸዋል። የተሰረቀ የለም፣ የተገፈፈ የለም፣ ልውውጥ ነው። ይህን የሚደግፍ ሌላም ነጥብ ይጨመራል። ያን ጊዜ ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ኢትዮጵያ አልነበራትም፤ የመጀመሪያው የጥንታዊ ቅርስ አዋጅ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ጎንደር የጦር ሜዳ መሆኗንም ማን ይክዳል?

የሌሪስ ማስታወሻ ግን ነገሩን እንዲህ ጸጥ ያለ ግብይት አድርጎ አያሳየውም። ድርድር አለ፣ ሐሜት አለ፣ ማጉረምረም አለ። ፈረንጆቹ ታቦትና መጻሕፍት እየገዙ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። ካህናቱ ተስማሙ ሲባል የትኞቹ ካህናት፣ በማን ፈቃድ፣ ምን ቀርቦላቸው የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ደብሩ የአንድ አለቃ ንብረት አይደለም። ሥዕሉ የምእመናኑ ነው፤ የአጥቢያው ሰው ልጁን ይዞ ያስቀደሰው ከእሱ ፊት ቆሞ ነው።

የጣሪያው ክርክርም ብዙ አያስኬድም። ሩ እጁ የሰለጠነ ሠዓሊ ነበር፣ ሸራና ቀለም ነበረው፣ ጊዜም ነበረው። ጭንቀቱ የዝናቡ ከሆነ ጣሪያው ተከድኖ ቅጂው ወደ ፓሪስ መሄድ ይችል ነበር። ዋናው ለፓሪስ፣ ቅጂው ለጎንደር እንዲሆን የወሰነው ዝናብ አይደለም።

የአገሬው ባለሥልጣናት ይህን በራሳቸው መንገድ ያነበቡት ይመስላል። ቡድኑ ሊወጣ ሲል ጉምሩኩ ሣጥኖቹ ይፈተሹ አለ፤ ግሪዮል አላስፈትሽም አለ። የቆንስላው ግቢ በዘበኛ ተጠበቀ፣ ነገሩ መሣሪያ እስከ ማዘጋጀት ደረሰ። ንጹሕ ግብይት የፈጸመ ነጋዴ ሣጥኑን ለመክፈት እንዲህ አይጨነቅም። በመጨረሻ ኅዳር 26 ቀን 1925 ዓ.ም. ከጎንደር ተነስተው በኤርትራ በኩል ወጡ። በዓለም መድረክ እኩል ወንበር የነበራት አገር ኬላዋን ብታጠብቅም ሥዕሎቹን ማስቀረት አልቻለችም።

ጉዞው የሰበሰበው ብዛቱ ያስደንቃል። ወደ 3,500 የሚጠጉ ዕቃዎች፣ 6,000 ያህል ፎቶግራፎች፣ ከ300 በላይ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትና ክታቦች ናቸው። ብራናዎቹ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «የግሪዮል ስብስብ» ተብለው ይገኛሉ። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተዘረፈውን እንግሊዝ በዘውድና በጦር ስም ወሰደው፤ ይኼኛው በደረሰኝና በሳይንስ ስም ሄደ። የመቅደላውን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፣ የጎንደሩን ግን ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል ብዬ አልልም።

ሌሪስ ማስታወሻውን በ1934 እ.ኤ.አ. ሳይቆራርጥ አሳተመው፤ የኮኖውንም ዘረፋ፣ የጎንደሩንም ግርግር እንዳለ። ግሪዮል ተቆጣ፣ ወዳጅነታቸውም በዚያው ሻከረ። የቪሺ መንግሥት በ1941 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን አገደው። ግሪዮልን በዚህ ብቻ መዝኖ መጣልም ትክክል አይሆንም። ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ቆሞ ጄኔቭ ላይ የተከራከረ፣ ስለ ጉዳዩም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ያንኑ አገር የወደደ እጅ ሥዕሉን የላጠ እጅ መሆኑ ግራ ያጋባል፤ የታሪክ ሰዎች አንዱን ብቻ መርጠው መያዝ የሚቀናቸውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ውስጥ ለብቻቸው በተሰጣቸው ክፍል ይታያሉ። ሙዚየሙ በ2025 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሚሲዮን ላይ «መልሶ ምርመራ» የሚል ኤግዚቢሽን ከፍቶ ነበር። ከሴኔጋል፣ ከማሊ፣ ከቤኒን፣ ከካሜሩን የመጡ ተመራማሪዎች፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲም ባለሙያ፣ ዕቃዎቹ እንዴት እንደተወሰዱ አብረው መርምረዋል። ፈረንሳይ በ2021 እ.ኤ.አ. ለቤኒን 26 ንጉሣዊ ዕቃዎችን መልሳለች። ካምፓላም የራሷ ልምድ አላት። የቡጋንዳው የጦር አምላክ የኪቡካ ቅዱስ ዕቃዎች በ1962 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ ተመለሱላት፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ 39 ዕቃዎች ከዚያው ዩኒቨርሲቲ መጡላት፤ የኋለኞቹ ግን በሦስት ዓመት ብድር ነው፣ ሊታደስ የሚችል ብድር።

እኛ ብድሩን ከመጠየቃችን በፊት የሚቀድም ቀላል ነገር አለ። የአባ ጀሮም ደብተሮች በአማርኛ የተጻፉ ናቸው፣ የጎንደርን ሰው ቃል ይዘዋል፣ ቅጂያቸውን ለመላክ የፓርላማ ሕግ አያስፈልግም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያን ቅጂ ቢያገኝ፣ የኅትመቱም ሽፋን ላይ «አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ» የሚል የደራሲ ስም ቢሰፍር፣ ስለ አባ እንጦንስ ሥዕሎች ፓሪስ ላይ የሚቀመጥ ተደራዳሪ በ1924 እና በ1925 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተባለውን በአማርኛ አንብቦ ይገባል።