ላይሶዞም፦ የሴላችን ማጽጃ ክፍል እንዴት ተገኘ?



ትምህርት ቤት የተማርነውን የሴል ትምህርት እናስታውስ። ኒውክሊየስ የዘር መረጃችንን ይይዛል፣ ማይቶኮንድሪያ ጉልበት ያመነጫል፣ ራይቦዞም ፕሮቲን ይሠራል። ላይሶዞምስ? ያረጀውንና የማያስፈልገውን በኢንዛይም የሚፈጭ ትንሽ ከረጢት ነው። ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን የረሳነው ይህ ከረጢት ሥራውን ሲያቆም ግን ሕይወት እስከ መቅጠፍ ይደርሳል።

ታሪኩ በኔዘርላንድስ ይጀምራል። ዶ/ር ፖምፔ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930 መጨረሻ በአምስተርዳም የአንዲት የ7 ወር ሕፃን አስከሬን መረመሩ። ልቧ ከመጠን በላይ ተልቆ ነበር። የልብ ጡንቻዋን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሴሎቹ ግላይኮጅን በሚባል የስኳር ክምችት ተሞልተዋል። ያዩትን በ1932 አሳተሙ። ለምን እንደተከማቸ ግን ማወቅ አልተቻለም፤ ላይሶዞም ገና አልተገኘም ነበርና። ዶ/ር ፖምፔ መልሱን ሳያዩ ቀሩ። ናዚዎችን በኅቡዕ ይታገሉ ስለነበር በ1945 ተረሸኑ።

በ1949 ደግሞ በቤልጂየም፣ በሉቨን ዩኒቨርሲቲ፣ ዶ/ር ክርስቲያን ደ ዱቭ ኢንሱሊን በጉበት ላይ የሚሠራውን ሥራ ያጠኑ ነበር። ከአይጥ ጉበት በተዘጋጀ ናሙና ውስጥ አንድ ኢንዛይም ሲለካ ውጤቱ ከተጠበቀው በጣም አነሰ። ናሙናው ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ ከቀናት በኋላ እንደገና ሲለካ ግን ጨምሮ ተገኘ! ሌላ ሰው ቢሆን «የመለካት ስህተት ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። እርሳቸው ግን ተከታተሉት። ለካ ኢንዛይሙ ከረጢት ውስጥ ተዘግቶበት ኖሯል፤ ከረጢቱ ሲቀደድ ወጣ። በ1955 ከረጢቱን ላይሶዞም ብለው ሰየሙት። በ1974 ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት በ1963 ነው። የደ ዱቭ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ዶ/ር ኸርስ፣ የፖምፔ በሽታ ያለባቸው ሕፃናት ግላይኮጅንን የሚፈጭ አንድ የላይሶዞም ኢንዛይም እንደሚጎድላቸው አረጋገጡ። ዛሬ ከላይሶዞም ጉድለት የሚመጡ ከ50 በላይ በሽታዎች ይታወቃሉ። ለፖምፔ በሽታም የጎደለውን ኢንዛይም የሚተካ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት በ2006 በአውሮፓና በአሜሪካ ተፈቅዷል። ዋጋው እጅግ ውድ ቢሆንም የብዙ ሕፃናትን ዕድሜ አርዝሟል።

ወላጆች ሁለት ነገር ልብ በሉ።

1. በሽታው የሚከሰተው ልጁ ችግር ያለበትን ዘረመል ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኞች ናቸው። እናት በእርግዝናዋ በበላችው ወይም ባደረገችው ነገር የመጣ አይደለምና ማንም አይወቀስ።

2. ሕፃኑ ሰውነቱ ከዛለ፣ አንገቱን በጊዜው ካልያዘ፣ ጡት መጥባት ካቃተው ወይም ሲተነፍስ ከተቸገረ «ሲያድግ ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ። የነዚህ ምልክቶች መንስኤ ብዙ ነው፤ የፖምፔ በሽታ ከመካከላቸው አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። መለየት የሚቻለው በምርመራ ስለሆነ ፈጥናችሁ የሕፃናት ሐኪም አማክሩ።

ለሌሎች ወላጆችም እንዲደርስ ሼር አድርጉት።