ፓራሲቶይድ፦ ጨራሽ ጥገኛ

በአገዳ ቆርቁር የተመታ የበቆሎ አገዳ ሲሰነጠቅ መሃሉ ተቦርቡሮ፣ ወፍራም ትል ተጋድሞበት ይገኛል። አንዳንዴ ግን ትሉ መንምኖ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ የሐር ከረጢቶች ከብበውት ይታያል። ለማያውቅ ሰው የትሉ እንቁላል ይመስላሉ። የገዳዮቹ አልጋ ናቸው።

ገዳዮቹን ያስገባችው ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የምትረዝም ጥቁር ተርብ ናት፤ ሳይንሳዊ ስሟ ኮቴዥያ ሴሳሚዬ ይባላል። የትሉን ኩስ ሽታ ተከትላ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባና በሰከንዶች ውስጥ ወግታው በደርዘን የሚቆጠር እንቁላል ትጥልበታለች። ከእንቁላሉ ጋር የትሉን የመከላከል አቅም የሚያደነዝዝ ቫይረስም አብሮ ይገባል። ትሉ ወዲያው አይሞትም፤ መብላቱንም ይቀጥላል። ከተወጋ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው የተርቧ ልጆች ቆዳውን ቀደው ይወጡና ሐራቸውን ይፈትላሉ። እሱ ከዚያ ወዲያ አይተርፍም።

በአማርኛ የግብርና ጽሑፎች ይህች "ጥገኛ ተርብ" ናት። ስህተት ነው አልልም፤ ግን አይበቃም። መዥገርም ጥገኛ ነው፤ ላሟ ብትሞትበት ግን የሚከስረው እሱ ነው። ለተርቧ ልጆች የትሉ ሞት የእድገታቸው ማብቂያ ነው። አዳኝ እንዳንላቸው ደግሞ አንበሳ በዕድሜው ስንቱን ይገድላል፤ እነዚህ የሚጨርሱት አንዱን ብቻ ነው፣ እሱንም ተካፍለው።

ለዚህ መሃል ሰፋሪ ኑሮ "ፓራሲቶይድ" የሚለውን ቃል ያወጣው የፊንላንዱ የነፍሳት ተመራማሪ ኦዶ ሞራናል ሮይተር ነው፤ በ1913 እ.ኤ.አ.። የቃሉ ሥር ግሪክኛ ሲሆን "ፓራሲቶስ" ከሰው ማዕድ የማይጠፋ፣ በእኛ አባባል ቀላዋጭ ነው። "ኦይድ" መሰል ማለት ነው። ቃል በቃል ብንተረጉመው "ጥገኛ መሰል" ይሆናል፤ ይህ ግን ጥገኛ ሳይሆን የሚያስመስል አስመሰላት። "ጥገኛ ገዳይ" ብንል ደግሞ የመዥገር መድኃኒት ይመስላል። እኔ "ጨራሽ ጥገኛ" እላለሁ። ተጠቂውን በተለመደው ቃል "አስተናጋጅ" ማለትም አልሆነልኝም፤ ሻይ ይዞ የሚመጣ ይመስለኛል። "ቀላቢ" ይሁን።

ቀላቢው ማን እንደሆነ ማወቅ ለእነዚህ ተርቦች ስም አወጣጥ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም መልካቸው ያሳስታል። ኮቴዥያ ሴሳሚዬ ስሟን ያገኘችው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ኬንያ ውስጥ የኪታሌዎቹ ቡሴዎላ ፉስካ በተባለው አገዳ ቆርቁር ውስጥ ያድጋሉ፤ የሞምባሳዎቹ እዚያው ትል ውስጥ እንቁላል ቢጥሉ የትሉ የደም ሕዋሳት እንቁላሉን ከብበው ያፍኑታል። በዓይን ግን ያው ጥቁር ተርብ ናቸው።

በዚሁ ስም ሲጠሩ ከነበሩት መካከል ፊላ ውስጥ የሚኖረውን ሴሳሚያ ኖናግሪዮይደስ የተባለ ትል ብቻ መርጠው የሚያጠቁም ነበሩ። ተመራማሪዎች ዘረ መላቸውን፣ ቀላቢያቸውንና በማጉያ ብቻ የሚታየውን ጥቃቅን የአካል ልዩነት ጎን ለጎን አስቀምጠው የተለየ ዝርያ መሆናቸውን አሳዩ። የአዲስ ዝርያ ስም በአንድ ዋቢ ናሙና ላይ ይታሰራል፤ ወደፊት "ይህች ያቺ ናት ወይ?" የሚል ክርክር ቢነሳ ዳኛው እሱ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ተርቧ ኮቴዥያ ቲፌ ተባለች። ያው ትል በደቡብ ፈረንሳይ የበቆሎ ተባይ በመሆኑ እሷን ወደዚያ ወስዶ ስለ መጠቀም ጥናት ተጀምሯል። ስሟ ግን ከበቆሎም ከትሉም አልመጣም፤ "ቲፋ" የፊላ ሳይንሳዊ ስም ነው።